ስድስት ዓመት የተከፈለበት ማጣሪያ፦ የኢሜይል ጥበቃ ግዢ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

የአንድ ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ገንዘብ ወደ ሌባ የባንክ ሂሳብ ተላከ። በዚያን ጊዜ የኢሜይል ጥበቃ ውሉ ሊታደስ አምስት ወር ቀርቶት ነበር። ስርቆቱ ከታወቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ በአማካሪነት ተጠርቼ ገባሁ፤ ዓመት እስኪሞላም አብሬያቸው ቆየሁ። ጉዳዩ በ2024 ተጀምሮ በ2025 ያለቀ ነው። እዚህ የማነሣቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድርጅቱ ስሙ እስካልተጠቀሰ ድረስ እንድጽፈው ፈቅዷል። ያወዳደርናቸውን ሻጮች ስምም ትቻለሁ። ስለ ገበያው ሳወራ በስም የምጠራቸው ኩባንያዎች ግዢና ሽያጫቸው በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ ነው እንጂ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ስላሉበት አይደለም።

ድርጅቱና የነበረው ጥበቃ

ወደ 200 የሚጠጉ ሠራተኞች ኢሜይል ይጠቀማሉ። ኢሜይሉ ከትልልቆቹ የክላውድ አገልግሎቶች በአንዱ ላይ ነው። ከክላውዱ ፊት ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት የተገዛ ጌትዌይ ቆሟል። ጌትዌይ ማለት የዶሜይኑ (በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ ያለው ስም) ኤምኤክስ ሪከርድ፣ ማለትም መልእክት ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚደርስ የሚናገረው መዝገብ፣ ወደ እሱ እንዲያመለክት ተደርጎ፣ ከውጭ የሚመጣ መልእክት ሁሉ መጀመሪያ በእሱ በኩል እንዲያልፍ የሚያደርግ ማጣሪያ ነው። ክፉውን ይይዛል፣ የቀረውን ወደ ክላውዱ ያሳልፋል።

የአይቲ ክፍሉ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ፕሪንተርም ይጠግናል። ጌትዌዩ ከተተከለ ወዲህ ቅንብሩን ከፍቶ ያየ ሰው የለም። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በየወሩ «ይህን ያህል ሺህ አደገኛ መልእክት አግደናል» የሚል ሪፖርት ይመጣል፤ ሪፖርቱም ሳይነበብ ፋይል ይሆናል። ብዙ ቦታ ያየሁት ነገር ስለሆነ ሰዎቹን ልወቅስ አልችልም።

የጠፋው ክፍያ

ሌባው የገባው ወደዚህ ድርጅት አልነበረም። የገባው ለዓመታት ዕቃ ሲያቀርብላቸው ወደኖረ ድርጅት የኢሜይል አካውንት ነው። ዕቃ አቅራቢው ኋላ እንደነገረን አካውንቱን የጠበቀው የይለፍ ቃል ብቻ ነበር። ሌባው ውስጥ ተቀምጦ ሲያነብ ሰነበተ። ከዚያ ከአከፋፋዩ የሚመጣ መልስ ሁሉ ማንም ወደማይከፍተው ፎልደር እንዲዞር የሚያደርግ ደንብ አስገባ። ትልቅ ክፍያ ሲቃረብ በቆየው የመልእክት ልውውጥ ላይ «መልስ» የሚለውን ተጭኖ ጻፈ፦ ባንካችን ኦዲት እየተደረገ ስለሆነ ይህን ኢንቮይስ በሚከተለው ሂሳብ ላኩልን። ኢንቮይሱ እውነተኛው ነው። የተለወጠው የሂሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ መልእክቱ ከሚታወቅ አድራሻ መምጣቱን አየች፣ ከሥሩ ያለውን የቆየ ንግግር አየች፣ የታዘዘውን ዕቃና ዋጋ አመሳከረች። ሁሉም ልክ ነበር። ከፈለች። ነገሩ የታወቀው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ዕቃ አቅራቢው ደውሎ «ክፍያው ዘገየብን» ሲል ነው። ባንኩ ጥያቄ ቢያቀርብም ገንዘቡ ከዚያ ሂሳብ ወጥቶ ነበር።

ጌትዌዩ ይህን መልእክት «ንጹሕ» ብሎ ነው ያሳለፈው። በራሱ መመዘኛ አልተሳሳተም። አባሪው ቫይረስ የለበትም፣ የሚጫኑት ሊንክ የለም፣ ላኪው እውነተኛ አካውንት ነው። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚባሉት የላኪ ማረጋገጫዎች ሦስቱም አልፈዋል፤ መልእክቱ በእርግጥም ከዚያ ድርጅት ሰርቨር ወጥቷልና።

እንዲህ ያለው ማጭበርበር የአሜሪካው ኤፍቢአይ በየዓመቱ ከሚመዘግባቸው የኢንተርኔት ወንጀሎች መካከል ብዙ ገንዘብ ከሚበላባቸው አንዱ ነው። በ2024 ብቻ 21,442 አቤቱታ ደርሶታል፤ የተመዘገበው ኪሳራ ወደ 2.77 ቢሊዮን ዶላር ነው። የገበያው ሻጮች በሙሉ ይህን ቁጥር ያውቁታል፤ ለሽያጭ ባቀረቡልን ስላይድ ሁሉ ላይ የኤፍቢአይ አሃዝ ነበረበት።

ዋና ሥራ አስኪያጁ የጠየቁት ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ስድስት ዓመት የከፈልንበት ነገር ምን ሲሠራ ነበር?» ትእዛዛቸውም አጭር ነበር፦ የተሻለውን ግዙ።

ገበያው ምን ይመስላል

ለምን ሦስት ዓይነት ዕቃ በአንድ ስም እንደሚሸጥ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ኢሜይል የሚጓዝበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ስምምነት በ1982 ሲጻፍ ላኪው ነኝ ያለው ሰው መሆኑን የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። ያ ክፍተት ገበያ ፈጠረ። የመጀመሪያው ዘመን የጌትዌይ ዘመን ነበር፤ ትልልቆቹም ትንንሾቹን እየገዙ አሰባሰቡት። ሲማንቴክ ብራይትሜይልን በ2004 ገዛ። በ2007 ሲስኮ አይረንፖርትን በ830 ሚሊዮን ዶላር፣ ጉግል ደግሞ ፖስቲኒን በ625 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ።

ከዚያ የድርጅቶች ኢሜይል ወደ ማይክሮሶፍትና ወደ ጉግል ክላውድ ተዛወረ፤ ሁለቱም የራሳቸው ማጣሪያ አላቸው። ስለዚህ ዛሬ የጌትዌይ ሻጭ የሚፎካከረው ከእኩያው ጋር ብቻ ሳይሆን ደንበኛው በላይሰንሱ ውስጥ አስቀድሞ ከከፈለበት ነገር ጋርም ነው። በዚህ መካከል ሦስተኛ ወገን ተነሣ፤ ኤምኤክስ ሪከርድ ሳይነካ፣ በኤፒአይ፣ ማለትም ሶፍትዌሮች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መንገድ፣ ወደ ክላውዱ ገብቶ የሰዎችን የመጻጻፍ ልማድ እያጠና ያልተለመደውን የሚለይ። በ2018 የተመሠረተው አብኖርማል በነሐሴ 2024 በ5.1 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ሌሎቹ የዚህ ወገን ኩባንያዎች አብዛኞቹ ብቻቸውን ብዙ አልቆዩም። አቫናን በ2021 የቼክ ፖይንት፣ ኤሪያ ዋን በ2022 የክላውድፍሌር፣ አርሞብሎክስ በ2023 የሲስኮ ሆኑ።

ነባሮቹ የጌትዌይ ሻጮችም አልተረፉም። ቶማ ብራቮ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ፕሩፍፖይንትን በ2021 በ12.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ሌላው የኢንቨስትመንት ድርጅት ፐርሚራ ማይምካስትን በ2022 በ5.8 ቢሊዮን ዶላር። ባራኩዳም በዚያው ዓመት ወደ ኬኬአር እጅ ገባ።

ለገዢ ይህ ሁሉ ወሬ ብቻ ሊመስል ይችላል። ለእኛም እንደዚያ መስሎን ነበር፤ በሙከራው አጋማሽ ላይ ከሻጮቻችን አንዱ በሌላ ኩባንያ ሊገዛ መሆኑ እስኪነገረን ድረስ።

መጀመሪያ የታየው የነበረው ነው

አዲስ ዕቃ ከማየታችን በፊት ያለውን እንመርምር አልኩ። ሥራ አስኪያጁ አልወደዱትም፤ ጊዜ ማባከን መስሏቸው ነበር። ሠራተኞች በአንድ ወር ውስጥ «ይህ አጠራጣሪ ነው» ብለው ለአይቲ ያስተላለፏቸውን መልእክቶች ሰበሰብንና የእያንዳንዱን ጉዞ የሚያሳዩትን የተደበቁ መስመሮች አነበብን። መልእክቱ በየትኛው ሰርቨር በኩል እንዳለፈ እዚያ ይጻፋል።

ከመልእክቶቹ ሩብ ያህሉ ላይ የጌትዌዩ ስም ጨርሶ የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ጌትዌዩ ሲተከል ኤምኤክስ ሪከርዱ ተቀይሯል፤ ክላውዱ ግን ከጌትዌዩ ሌላ ከማንም እንዳይቀበል አልተነገረውም። የክላውዱን የመቀበያ አድራሻ ከዶሜይኑ ስም መገመት ከባድ አይደለም። ያወቀበት ሰው ጌትዌዩን ዞሮ በቀጥታ ያስገባል። ዋናው በር ላይ ዘበኛ ቆሞ የጓሮው በር ክፍት እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ግኝት የባሰ ነበር። መልእክት በጌትዌይ በኩል ሲመጣ ክላውዱ የሚያየው የጌትዌዩን አድራሻ ስለሆነ እውነተኛው ላኪ ማን እንደነበር ካልተነገረው መልእክቱ ከተፈቀደለት ሰርቨር መምጣቱን የሚያጣራው የኤስፒኤፍ ምርመራ ይሳሳታል፤ ጥሩውንም ያግዳል። ይህን የሚያስተካክል ቅንብር አለ። ከዓመታት በፊት የነበረ ባለሙያ ግን ቅሬታ ሲበዛበት የክላውዱን ማጣሪያ «ሁሉንም አሳልፍ» ብሎ ዘጋው። ስለዚህ በጓሮው በር የሚገባው መልእክት በሁለት ማጣሪያ መካከል ሾልኮ በአንዱም ሳይጣራ ይደርስ ነበር። ድርጅቱ ለሁለት ማጣሪያ እየከፈለ በግማሽ ማጣሪያ ነበር የሚሠራው።

በሩን መዝጋት ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ብቻ ወሰደ። ውጤቱን ማስተናገድ ግን ሁለት ቀን። ሰነድ አንብቦ በኢሜይል የሚልከው ስካነርና የደመወዝ ሶፍትዌሩ በዚያው የጓሮ በር ይገቡ ኖሯል፤ ሁለቱም ቆሙ። ይህን አስቀድመን መፈተሽ ነበረብን፤ ስህተቱ የእኔ ነው።

ሙከራው

ሦስት አማራጭ ቀረበ፦ ነባሩ ጌትዌይ በአዲስ ውል፣ በኤፒአይ የሚሠራው አዲሱ ሻጭ፣ እና የክላውዱ የራሱ ማጣሪያ ከፍ ባለ ላይሰንስ። ሦስቱንም ለስድስት ሳምንት አብረን አሠራናቸው።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ነውና። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነባሩ ሻጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ አዲሱ ደግሞ መቶ የማይሞላ የታገደ መልእክት የያዘ ሪፖርት አመጡ። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው «ይሄማ ግልጽ ነው» አሉ። ግልጽ አልነበረም። ከፊት የቆመ ወንፊት ገለባውንም እንክርዳዱንም ይቆጥራል። ከኋላ የቆመው የሚደርሰው ከፊተኛው ያመለጠ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ማነሱ አይቀርም። አዲሱ ሻጭ ደግሞ በተራው «እነዚህ ሁሉ በነባሩ ያመለጡ ናቸው» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ቦታ ቢለዋወጡ ነባሩም ያንኑ ማለት ይችል ነበር።

ስለዚህ የሻጮቹን ቁጥር ትተን የራሳችንን ሁለት ጥያቄ አወጣን። አንዱ ያሳለፈውን የትኛው ሌላ ይይዝልን ነበር? ትክክለኛ ሆኖ የተያዘብን መልእክት የትኛው ነው? መልሱን ለማግኘት የፋይናንስና የግዢ ክፍል 12 አካውንቶችን መልእክት ከሠራተኞቹ ጋር ሆነን በእጅ ለየን። አድካሚ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ግማሽ ቀን ይወስድ ነበር።

ከዚህ የተገኘው ማንም ያልጠበቀው ነው። የክላውዱ ማጣሪያ በትክክል ከተስተካከለ በኋላ ነባሩ ጌትዌይ ከሚይዘው እርሱ የማይዘው እጅግ ጥቂት ነበር። አዲሱ ሻጭ ከሁለቱ ያመለጡ የማታለያ ጽሑፎችን ይዟል፤ በተለይ ሊንክ የሌላቸውን፣ የኃላፊ ስም ተጠቅመው «ስልክህን ላክልኝ» የሚሉትን። ነገር ግን የውጭ ኦዲተሩን መልእክት ሦስት ጊዜ አስሮብናል። ደግሞም በኤፒአይ የሚሠራ ማጣሪያ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ነው የሚያነሣው። ጥቂት ሰከንድ ቢሆንም ስልኩን በእጁ የያዘ ሰው ሊቀድመው ይችላል፤ አንዲት ሠራተኛ ቀድማዋለች።

አዲሱ ሻጭ አንድ ትርዒትም አሳየን። ያለፉትን ወራት መልእክት ወደ ኋላ አንብቦ ገንዘቡን ያስበላውን መልእክት በቀይ አወጣው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተደነቀ። እኔ ግን ስርቆቱ መቼና ከማን ስም እንደተፈጸመ በመጀመሪያው ስብሰባ እንደነገርናቸው አስታወስኩ። መልሱን ያየ ተማሪ ፈተናውን ቢደፍን ምን ይደንቃል? በዚያው መለኪያ ስንት ደኅና መልእክት ቀይ እንደሆነ ጠየቅኩ። ወደ አርባ የሚሆኑ የእውነተኛ ዕቃ አቅራቢዎች መልእክቶች አብረው ቀልተው ነበር።

ድርድሩ

ነባሩ ሻጭ መጀመሪያ ያቀረበው ዋጋ ካለፈው ዓመት ከፍ ያለ ነበር። ሙከራ ላይ መሆናችንን ሲሰማ አንድ ሦስተኛውን ቀነሰ፤ በምትኩ የሦስት ዓመት ውል ጠየቀ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈረማችሁ ቅናሹ ይነሣል» የሚለውም መጣ። ወሩ አለፈ፤ ቅናሹ አልተነሣም።

ግዢው የተነገረው በዚህ መካከል ነው። የሚያነጋግረን የሽያጭ ሰው በሳምንቱ ተቀየረ፣ በጽሑፍ የሰጠን ዋጋም «እንደገና መታየት አለበት» ተባለ። የትኛው ሻጭ እንደነበረ አልጽፍም። ሦስት ዓመት ፈርመን ቢሆን ኖሮ የትኛው ምርት በየትኛው ውስጥ እንደሚዋጥ ሳናውቅ ታስረን ነበር።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ጌትዌዩ ተተወ። የክላውዱ ማጣሪያ ከፍ ባለው ላይሰንስ ዋናው ጥበቃ ሆነ፤ አብዛኛው ክፍያ ቀድሞም በላይሰንሱ ውስጥ ስለነበር ጭማሪው ትንሽ ነው። የኤፒአዩ መሣሪያ የተገዛው ገንዘብ ለሚነኩና ለኃላፊዎች 40 አካውንቶች ብቻ ነው። ሻጩ «ለሁሉም ካልሆነ አንሸጥም» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ሌላ አማራጭ እንዳለን ሲያይ ተስማማ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ። የድርጅቱ ጠበቃ ደግሞ መሣሪያው የሰዎችን መልእክት ሁሉ የማንበብ ፈቃድ ስለሚወስድ ውሉ ሲያልቅ የሰበሰበው እንዲጠፋ የሚል አንቀጽ አስገቡ። እኔ ያልታየኝ ነገር ነበር።

ዲማርክ

ይህኛው ሥራ የጠፋውን ገንዘብ አያስቀርም ነበር፤ ግን ተያይዞ መጣ። ዲማርክ በ2015 በይፋ የወጣ ደንብ ሲሆን በስማችሁ የመጣ መልእክት ማረጋገጫውን ካላለፈ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይናገራል። ድርጅቱ ለዓመታት «ምንም አታድርጉ» በሚለው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በብዛት ለሚልኩ ዲማርክን ግዴታ ሲያደርጉ፣ ማይክሮሶፍትም በግንቦት 2025 ሲከተል፣ የገበያ ክፍሉ ማስታወቂያዎች እንዳይመለሱ ስለፈራ በጀት ተገኘ።

ወደ «አትቀበሉ» ለመድረስ አራት ወር ፈጀ። ኤስፒኤፍ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስም ማውጫ) ፍለጋ አይፈቅድም፤ የእነሱ መዝገብ 17 ደርሶ ነበር። በየጊዜው የተሞከረ አገልግሎት ሁሉ ተጨምሮበት አንዱም አልወጣም። ከአገልግሎቶቹ አራቱን ማንም ከተጠቀመባቸው ዓመታት አልፏል።

የስልክ ጥሪው

የሂሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ከመጣ፣ በዋናው ውል ላይ ባለው ስልክ ተደውሎ ይረጋገጣል፤ በመልእክቱ ላይ በተጻፈው ስልክ አይደለም። ሁለት ሰው ይፈርማል፤ የመጀመሪያው ክፍያም አንድ ቀን ይቆያል። ፋይናንስ ክፍሉ ተቃወመ፤ «ደንበኞቻችን ይቀየማሉ» አሉ። አንድ ዕቃ አቅራቢ በእርግጥም ተቀይሟል። ሌሎቹ ጥሪውን ሲለምዱት እነሱም መደወል ጀመሩ።

ከስምንት ወር በኋላ ከሌላ ዕቃ አቅራቢ ተመሳሳይ ጥያቄ መጣ። አዲሱ መሣሪያ ጠርጥሮት ከመልእክቱ ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያውን አላየችውም፤ ከውጭ በሚመጣ መልእክት ሁሉ ላይ ሌላ ቢጫ መስመር ስለሚለጠፍ ዓይኗ ሁለቱንም መዝለል ለምዷል። የደወለችው ደንቡ ስለሚያዝ ነው። ዕቃ አቅራቢው ምንም እንዳልላከ ተናገረ።

የሠራውና ያልሠራው

የጓሮውን በር መዝጋት በአንድ ከሰዓት በኋላ ያመጣው ለውጥ ከሌላው ግዢ ሁሉ ይበልጣል። የስልክ ጥሪው ሁለተኛ ነው፤ ዋጋውም የስልክ ዋጋ ነው። ጌትዌዩን መተው ወጪ ቀነሰ፤ እስከማውቀው ድረስ አልተጎዳንበትም። የኤፒአዩ መሣሪያ ጠቃሚ ነው፤ ግን በኔ ግምት ከእነዚህ ሁሉ ትንሹን ሥራ ሠራ፤ ከፍተኛውን ክፍያ ወሰደ።

የሐሰት ፊሺንግ (ሊንክ እንዲጫኑ የሚያታልል መልእክት) እየላኩ ሠራተኛ መፈተን አልሠራም። አንዱ ፈተና «የዓመት ጉርሻችሁ ጸድቋል» የሚል ነበር፤ ብዙዎች ተጭነው ተናደዱ። ከዚያ ወዲህ እውነተኛ አጠራጣሪ መልእክት የሚያስተላልፉት ቀነሱ። አቋረጥነው። በሁሉም መልእክት ላይ የሚለጠፈው ቢጫ መስመርም ተነሣ፤ አሁን የሚወጣው መሣሪያው ሲጠረጥር ብቻ ነው።

ለሌላ ድርጅት የሚተርፍ

መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወር የተላለፉ አጠራጣሪ መልእክቶችን ጉዞ አንብቡ። ያላችሁ ጥበቃ ሳይሠራ ቀርቶ ይሁን ወይስ ሳይነካ ቀርቶ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ሻጮችን ስታወዳድሩ የታገዱትን ቁጥር አትመልከቱ። ያለፈውንና በስህተት የተያዘውን ቁጠሩ፤ ቆጣሪዎቹም እናንተው ሁኑ። ሻጩ ስለ ስርቆታችሁ ከሰማ በኋላ የሚያሳያችሁን ትርዒት እንደ ማስረጃ አትያዙት፤ ከተቻለም ሙከራው እስኪያልቅ አትንገሩት።

ኩባንያዎች በዚህ ፍጥነት በሚገዙበትና በሚሸጡበት ገበያ ረጅም ውል የሚጠቅመው በአብዛኛው ሻጩን ነው። የአንድ ዓመት ውል ውድ ቢመስልም የመውጫ ዋጋው በውስጡ ነው። ረዘም ያለ ውል ከፈረማችሁም ሻጩ ድርጅት ባለቤት ቢቀይር ያለ ቅጣት መውጣት የሚያስችል አንቀጽ ጠይቁ፤ አንድ ሻጭ ሰጥቶናል፣ ሁለቱ እምቢ ብለዋል።

አዲሱ ውል ሊታደስ ሦስት ወር ሲቀረው ከድርጅቱ ወጣሁ። ለስካነሩ የተሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ እስከዚያ ቀን አልተነሣም ነበር።